አባቷን ያጣች የመጋዘን ኃላፊ፦ ከለቅሶው በኋላ ያለው የሥራ ቀን
(የጉዳይ ጥናት ከደብረ ብርሃን)

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

በደብረ ብርሃን ከተማ ዳርቻ በሚገኝ አንድ የምግብ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ በሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል እሠራለሁ። ወላጅ የሞተበት ሠራተኛ በየዓመቱ አይጠፋም። ለቅሶ እንደርሳለን፣ እናዋጣለን፣ የፈቃድ ወረቀት እንጽፋለን፤ ሠራተኛው ተመልሶ ሥራውን ሲጀምር ነገሩ አለፈ ብለን ፋይሉን እንዘጋለን። ይህ ጉዳይ ግን ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ የጀመረ ነው። ሐዘኑን የሚቀሰቅሰውም የበዓል ቀን ወይም የመቃብር ቦታ ሳይሆን ሰነድ ሳይዝ የመጣ መኪና፣ የዘገየ ፊርማ፣ ከሰው ጋር የተደረገ ተራ የሥራ ጭቅጭቅ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር በቢሮ ቋንቋ የምናስቀምጥበት ቦታ ስለሌለን በዝርዝር መጻፉ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ሠራተኛዋ ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቅዳለች፤ ረቂቁንም አንብባዋለች። ማንነቷን ሊያሳውቁ የሚችሉ ዝርዝሮች ተለውጠዋል።

ሠራተኛዋ፣ ሥራዋ እና አባቷ

በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች የመጋዘን ኃላፊ ናት። ጥሬ ዕቃ፣ ማሸጊያና መለዋወጫ የሚገባውም የሚወጣውም በእሷ ፊርማ ነው። ቢን ካርዱ (የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ካርድ) ላይ ያለው ቁጥር መደርደሪያው ላይ ካለው ዕቃ ጋር ካልተስማማ ተጠያቂዋ እሷ ናት። ምርት ክፍል ዕቃው ቶሎ እንዲወጣለት ይፈልጋል፤ ግዢ ክፍል ያመጣው ቶሎ እንዲራገፍለት ይፈልጋል፤ ሾፌሩ ሳይመሽበት ለመሄድ ይቸኩላል፤ ሒሳብ ክፍል ደግሞ ወረቀት ሳይሟላ ምንም እንዳይነካ ይላል። አራቱም የሚጋጩት እሷ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሰው የሚሰለቸው ሥራ ነው፤ እሷ ግን ለዓመታት በጥሩ ሁኔታ ስትሠራው ቆይታለች።

ተወልዳ ያደገችው በመንዝ፣ ከሞላሌ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። አባቷ ገብስና ባቄላ የሚያርሱ፣ በግ የሚያረቡ ገበሬ ነበሩ። ማታ ከሰርቪስ ወርዳ ወደ ቤቷ በእግሯ ስትሄድ ለእሳቸው ትደውላለች። እሳቸውም በጎቹ ከገቡ በኋላ በርኖሳቸውን ደርበው፣ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ጉብታ ወጥተው ይጠብቋታል። የሚያወሩት በአብዛኛው ስለ ሥራዋ ነበር። ፋብሪካውን አንድም ቀን አላዩትም፤ ሰዎቹን ግን አንድ በአንድ ያውቋቸዋል። የፈረቃ መሪው ማን እንደሆነ፣ የሒሳብ ክፍሏ ሴት መቼ እንደምትቆጣ ያውቃሉ። ሰነድ ሳይዝ ዕቃ የሚያመጣውን የግዢ ሠራተኛ “ያ ችኩሉ” ብለው ስም አውጥተውለት ነበር።

ምክር የሚሰጡት አልፎ አልፎ ነው። “እሺ፣ ከዚያስ?” ይላሉ፤ ጸቡ ጫፍ ላይ ሲደርስ ደግሞ “እና አንቺ ምን አልሺው?” ብለው ይጠይቃሉ። የነገረቻቸውን አይረሱም። ሳምንት ቆይተው “የዚያ የካርቶን ነገር ምን ደረሰ?” ይሏታል። በኋላ የሆነውን ሁሉ ለመረዳት ይህች ልማድ ዋናዋ ነገር ናት።

ለቅሶው እና የሰኔ ቆጠራ

አባትየው ያረፉት በግንቦት መገባደጃ ነው። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ፣ ጣርማ በር ላይ ወደ መዝዞና ሞላሌ ታጥፎ፣ ከዚያም የቀረውን በእግር ሄዶ ቀበሌው ለመድረስ በደህናው ጊዜ እንኳ ከግማሽ ቀን በላይ ይፈጃል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላጅ ሞት የሚሰጠው ከክፍያ ጋር 3 የሥራ ቀን ነው። ከዚህ ላይ መንገዱ ሲቀነስ ሐዘን ለመቀመጥ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሣልስት እንዳለፈ ተመለሰች። ባልደረቦቿም ተሰብስበው ቤቷ ድረስ ሄደው አጽናኗት።

አርባው ከዓመታዊ ቆጠራ ጋር ገጠመ። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፤ ግንቦት 21 ላረፈ ሰው ደግሞ አርባ ቀኑ የሚሞላው በዚያው በሰኔ 30 ነው። በግንቦት መጨረሻ ሰው የሞተበት የመጋዘን ወይም የሒሳብ ሠራተኛ ሁሉ ይህ ይገጥመዋል፤ ቀኑም ከሞቱ ዕለት ጀምሮ የታወቀ ነው። ሆኖም አስቀድሞ የተነጋገረበት አልነበረም። ቆጠራ ያለ መጋዘን ኃላፊ አይካሄድምና በዋዜማው ወጥታ ተዝካሩ ላይ ተገኝታ፣ እንግዶቹ ሳይሸኙ ተነሥታ፣ በማግስቱ ጠዋት ካርቶን ስታስቆጥር ዋለች።

ችግሩ እንዴት ታየ

ሐምሌ ላይ ቅሬታ መምጣት ጀመረ። ከምርት ክፍል “በትንሽ በትልቁ ዕቃ ትከለክላለች” ተባለ፤ ከግዢ ክፍል “ሾፌሮቻችንን ትሳደባለች” የሚል ደብዳቤ ደረሰን። ራሷ ደግሞ እንቅልፍ እንደሚያስቸግራት፣ ራሷን እንደሚያማት፣ ከሥራ መልስ ምግብ እንደማያሰኛት ነገረችን።

በዚያ ወር ከሰዓት በኋላ የማሸጊያ ጥቅል የጫነ አይሱዙ ገባ። የማስረከቢያ ሰነዱ “ነገ ይመጣል” ተባለ፤ ሾፌሩም ጊዜ ሳያጠፋ ማራገፍ ጀመረ። እሷ የመጋዘኑን በር ቆለፈች፤ ቁልፉን ጋወኗ ኪስ ከትታ በሩን ተደግፋ ቆመች። ዝናብ ሊጥል ደመናው ጠቁሯል፤ ግማሹ ጥቅል መሬት ላይ ነው። የግዢ ሠራተኛው በሰው ፊት “አባትሽ ስለሞተ እኛ ምን እናድርግ?” አላት። መልስ አልሰጠችውም። በሩን ከፍታ ገባችና ከመደርደሪያው ጀርባ ሄደች። አንዲት የፅዳት ሠራተኛ ስልኳን በእጇ ይዛ፣ የአባቷን ስም አውጥታ፣ ሳትደውል ቆማ አገኘቻት።

ስለዚያ ሰዓት በኋላ ስጠይቃት ያለችኝን ቃል በቃል አስፍሬዋለሁ፦ “ስድቡ አይደለም ያስለቀሰኝ። እሱ እንዲህ አለ፣ እኔ እንዲህ አልኩ እያልኩ ለአባባ የምነግረውን በቅደም ተከተል ስይዝ ነበር። ማታ የምነግረው ሰው እንደሌለኝ ትዝ ያለኝ መሀል ላይ ስደርስ ነው።”

ሌላም ነገር ነበር። የአባትየው ስልክ ከነሲሙ ለታናሽ ወንድሟ ተላልፏል። ወንድምየው ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ሊጠይቃት በሥራ ሰዓት ሲደውል፣ ስልኳ ላይ የመጣው ስም “አባባ” የሚል ነው። ያን ቀን ሥራዋን ጥላ ወጥታለች።

መጀመሪያ የተሞከሩት

የመጀመሪያው ማጽናናት ነው። “እግዜር ያጽናሽ”፣ “አንቺ እኮ ጠንካራ ነሽ”፣ “ልመጂው እንግዲህ” ያላላት ሰው የለም። ሰው ከልቡ ነው የሚለው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደረዳትም ትናገራለች። ከአርባው በኋላ ግን “ልመጂው” የሚለው ቃል ዝም በይ የሚል እየመሰላት መጣ። አንድ የተማረ ባልደረባዋ ደግሞ ሐዘን አምስት ደረጃ እንዳለው፣ እሷም አሁን የንዴቱ ደረጃ ላይ እንዳለችና እንደሚያልፍ አስረዳት። አምስቱን ደረጃዎች እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀረበችው ሐኪም ኤሊዛቤት ኩብለር-ሮስ መነሻዋ የራሳቸውን ሞት የሚጠብቁ ሕሙማን ነበሩ፤ ሰው ለሞተበት ሰው የተሰጠ የጊዜ ሰሌዳ አይደለም። ያ ገለጻ ለሠራተኛዋ ያተረፈላት ነገር ቢኖር “እስካሁን ለምን አላለፈልኝም?” የሚል ተጨማሪ ጭንቀት ነው።

ሁለተኛው ፈቃድ ነው። ከዓመት ፈቃዷ ተቀንሶ ሁለት ሳምንት አገር ቤት እንድትሄድ ተደረገ። አሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን መርዶውን ዘግይቶ የሰማ ዘመድ ገና በየቀኑ ይመጣ ነበር፤ እያንዳንዱ እንግዳ ሲገባ ለቅሶው እንደገና ይጀመራል። እናትየው ፊት ማዘኗን ለመደበቅ ስትጥር ሰነበተች። ተመልሳ ስትመጣ ጠረጴዛዋ ላይ ያልተመዘገበ ደረሰኝ ተከምሮ ጠበቃት። የመጀመሪያው ሳምንት ከመሄዷ በፊት ከነበረው የባሰ ሆነ።

ማርጋሬት ስትሮብ እና ሄንክ ሹት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባቀረቡት ማብራሪያ፣ ሐዘንተኛ ሰው በሁለት ነገሮች መካከል ይመላለሳል፦ አንዱ ሟቹን ማሰብና ማዘን ነው፤ ሌላው የዕለት ኑሮን ማስተካከል። ጤናማው መመላለሱ ነው። የእኛ መሥሪያ ቤት የሰጣት ግን ወይ ሁሉንም ለቅሶ፣ ወይ ሁሉንም ሥራ ነበር፤ በአንድ ቀን ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው መለስ የምትልበት ትንሽ ቦታ አልነበራትም። ያ ቦታ ድሮ የማታ ስልኳ ነበር።

ሦስተኛው ዝውውር ነው። የክፍሉ ኃላፊ “ጭቅጭቅ የሌለበት ቦታ ትረፍ” ብለው ለጊዜው መዝገብ ቤት እንድትቀመጥ ሐሳብ አቀረቡ፤ ነሐሴ ላይም ተዛወረች። ቦታው ጸጥ ያለ ነው፤ ጸጥታው ግን አልበጃትም። እጇ ሥራ ፈታ፤ ቀኑን ሙሉ ከአሳቧ ጋር ብቻዋን ሆነች። በዚያ ላይ ሰው “ከመጋዘን ተነሣች” ሲል ጉድለት የተገኘባት ያስመስለዋል፤ በንብረት ሥራ ላይ ያለ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚፈራው ወሬ የለም።

መጋዘኑ ያለ እሷ

ዝውውሩ እሷን ባይጠቅምም አንድ ነገር አሳየን። በቦታዋ የተተካው ሰው ረጋ ያለ፣ ከማንም የማይጣላ ነበር፤ ሐዘንም የለበትም። በሁለተኛው ሳምንት እሱም ከዚያው የግዢ ሠራተኛ ጋር፣ በዚያው ሰነድ በሌለው ዕቃ ምክንያት ተጋጨ። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ወረቀቱ ሳይመጣ በእምነት የተረከበው ዕቃ ከደረሰኙ ጋር አልስማማ አለ።

በእኔ ግምት የጉዳዩ መታጠፊያ ይህ ነው። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ሰው፣ እሷም ጭምር፣ ግጭቱን ሁሉ በሐዘኗ ነበር የሚተረጉመው። አዲሱ ሰው ሲገባ ግን ግማሹ ችግር የመጋዘኑ አሠራር እንደሆነ ታየ። ዱሮም ያናድዳት ነበር፤ ያኔ ግን ማታ አውርታው ጠዋት ቀለል ብሏት ትመጣለች። ሰው ያዘነ እንደሆነ የሚናገረው ቅሬታ ሁሉ በሐዘኑ ይመካኛል፤ ይህ ደግሞ በእውነት የተበላሸውን ነገር ይሸፍናል። ሐዘንተኛውንም “እኔ ነኝ የተበላሸሁት” ያሰኘዋል። መስከረም ላይ በራሷ ጥያቄ ወደ መጋዘኑ ተመለሰች።

የጤና ምርመራው

በነሐሴ ወር ወደ ጤና ተቋም ሄዳ ታይታለች። የደም ማነስና ሌላ አካላዊ ሕመም ከተጣራ በኋላ ከአእምሮ ጤና ነርስ ጋር ተነጋገረች። የእንቅልፍ መድኃኒት ጠይቃ ነበር፤ አልታዘዘላትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ ሌላ የአእምሮ ሕመም ለሌለበት ሐዘንተኛ ቤንዞዲያዜፒን የሚባሉት የማስታገሻ መድኃኒቶች እንዳይሰጡ ይመክራል። ሐዘን ራሱን የቻለ የጤና እክል ተብሎ የሚታየውም በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምድብ 11ኛ እትም መሠረት ከ6 ወር በላይ ሲቆይ፣ ከአካባቢው ባህልና ሃይማኖት ልማድም ሲያልፍና የዕለት ኑሮን ሲያውክ ነው። እሷ ገና ሦስተኛ ወሯ ላይ ነበረች። ራሷን የመጉዳት አሳብ አለመኖሩ ተጠይቆ ተረጋግጧል፤ ነገሩ ከከፋ እንድትመለስ ተነግሯት ቀጠሮ ተያዘላት። በጎን ፀበል ትሄድ ነበር፤ ነርሷም አልከለከለቻትም።

ደብተሩ

ወደ መጋዘኑ ስትመለስ በነርሷ ምክር አንድ ደብተር ያዘች። የተበሳጨችበትን ነገር ሁሉ ከነሰዓቱ ትጽፋለች። ከጎኑ ደግሞ “ማንንም ያናድዳል” ወይም “እኔን ነው የነካኝ” ብላ ትለያለች።

ሦስት ሳምንት ያህል ከጻፈች በኋላ አብረን ስናየው አብዛኛው የመጀመሪያው ዓይነት ሆኖ ተገኘ። የተከማቸውም ከሰዓት በኋላ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ዘግይተው የሚገቡ መኪኖች በሚበዙበት ጊዜ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ጥቂት ነው፤ የሚመጣውም ወደ ቤት መሄጃ ሰዓት ላይ ነው። ያልጠበቅነው አንድ ግኝትም ነበር። “እኔን ነው የነካኝ” ካለቻቸው ውስጥ አንዳንዶቹ ብስጭት አልነበሩም። በመስከረም አንድ አቅራቢ የላከው የማሸጊያ ጥቅል ክብደቱ እንደሚጎድል ደርሳበት ፋብሪካውን ከኪሳራ አድናለች፤ ሥራ አስኪያጁም በስብሰባ ላይ አመስግነዋታል። በደብተሯ ላይ የዚያን ዕለት ማታ የጻፈችው ከሁሉም ይረዝማል። የምሥራቹም የሚነገርለት ሰው አጥቶ ነበር።

የተቀየረው አሠራር

ደብተሩን ይዘን ከግዢ፣ ከምርትና ከሒሳብ ክፍል ኃላፊዎች ጋር ተቀመጥን። ከእሷ ሐዘን የተነሣ አልነበረም፤ የቀረበው በምትክዋ ጊዜ በታየው የሰነድና የዕቃ አለመስማማት ነው። ግዢ ክፍል በየዕለቱ ጠዋት የሚገባውን ዕቃ ዝርዝር ለመጋዘኑ እንዲያሳውቅ፣ የማስረከቢያ ሰነድ የሌለው መኪና ግቢ ውስጥ እንዲቆም እንጂ እንዳይራገፍ፣ አስቸኳይ ከሆነ ሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ እንዲያዙ፣ ቶሎ ከሚበላሽ ጥሬ ዕቃ በስተቀር ከአሥር ሰዓት ተኩል በኋላ ርክክብ እንዳይኖር ተወሰነ። ሁለተኛ ቁልፍ ለረዳቷ ተሰጠ።

ግዢ ክፍል አልወደደውም። ከገና በፊት ባሉት ሳምንታት ሥራ ሲበዛ ደንቡ ደጋግሞ ተጥሷል። ሆኖም አሁን “አይራገፍም” የሚለው ወረቀቱ ነው። እሷ በሩን ተደግፋ መቆም አላስፈለጋትም።

የሚሰማት ሰው

ይህ ከሁሉም ጊዜ የወሰደው ነው። በማጽናናቱ ወቅት ብዙ ሰው ሰምቷታል፤ ግን በየቀኑ ሌላ ሰው ነው። ለእያንዳንዱ ታሪኩን ከሥሩ መጀመር አለባት፦ የግዢ ሠራተኛው ማን እንደሆነ፣ ባለፈው ምን እንዳደረገ፣ ለምን ዛሬ የተናገረው እንደከበዳት። አስረድታ ስትጨርስ ስሜቱ ያልፋል፤ ድካሙ ይቀራል። ከአባቷ ጋር የሄደው፣ እንደ እኔ አረዳድ፣ ምክራቸው ብቻ አይደለም። ታሪኩን ከነመጀመሪያው የሚያውቀው ብቸኛ ሰው ነው የሄደው።

በአንድ ሰርቪስ የሚመላለሱ፣ እሷ እትዬ የምትላቸው የጥራት ቁጥጥር ባልደረባ አሉ፤ እናታቸው የሞቱት ከጥቂት ዓመት በፊት ነው። ከሰርቪስ ወርደው አብረው በእግር እንዲሄዱ ፈቃዳቸውን ጠየቅናቸው። የተናገረችው ወደ አለቃ እንዳይሄድ እሳቸው ራሳቸው ቃል ገቡላት፤ እኔም ምን እንደተወራ ጠይቄ አላውቅም።

መጀመሪያ ላይ አልሆነም። አባቷ ምን ብለው ይጠይቋት እንደነበር ስለነገረቻቸው፣ እትዬም ሊረዷት ብለው “እና አንቺ ምን አልሺው?” አሏት። ከዚያ በኋላ ለቀናት ብቻዋን ሄደች። “የአባባን ጥያቄ ሌላ ሰው ሲጠይቀኝ ሞቱ ትላንት የሆነ መሰለኝ” ብላለች። እትዬም ያን ጥያቄ ተዉት። በራሳቸው መንገድ ያዳምጡ ጀመር፤ ያቋርጣሉ፣ የራሳቸውንም ብሶት ይጨምራሉ፣ አንዳንዴም “አንቺም እኮ አብዝተሻል” ይሏታል። ከወር በላይ ሲቆይ ሰዎቹንና ያለፈውን ያውቁት ጀመር። ከዚያ ወዲህ ነው የቀለላት።

የአባቷ ስም ስልኳ ላይ ስለመምጣቱም ወንድሟ በራሱ አዲስ ሲም አወጣ። የድሮውን ቁጥር አላጠፋችውም፤ እንድታጠፋም ማንም አልገፋፋትም።

በመንፈቁ የተሰማው

ኅዳር ላይ ለመንፈቁ አገር ቤት ስትሄድ፣ በዚህ ጊዜ ፈቃዱ አስቀድሞ ስለተያዘ ሳትቸኩል ተቀመጠች። ማታ እሳት ዳር እናቷ፣ ምንም ሳይቀድሙ፣ “ያ ችኩሉ ሰውዬ አሁንም ወረቀት ሳይዝ ይመጣል?” አሏት።

ደነገጠች። ለእናቷ ስለ ሥራዋ አንዲት ቃል ተናግራ አታውቅም፤ አባቷ ከሞቱ በኋላም በሐዘናቸው ላይ ሌላ ጭንቀት ላለመጨመር ብላ ሲደወልላት ሁሉ “ደህና ነኝ” ነበር መልሷ። እናትየው ግን ባለቤታቸው ከጉብታው ሲወርዱ በየማታው የሰሙትን ሲነግሯቸው ዓመታት አልፈዋል። የፈረቃ መሪውንም፣ የሒሳብ ክፍሏንም ሴት ያውቃሉ። ያልጠየቁት ልጃቸው ማውራት የማትፈልግ መስሏቸው ነው። እናትና ልጅ አንዱ ለሌላው አዝኖ ስድስት ወር ተደባብቀዋል።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ጊዜ ያህል ለእናቷ ትደውላለች። እናትየው እንደ አባቷ በትዕግሥት የሚያዳምጡ አይደሉም፤ ታሪኩ ሳያልቅ የልጃቸውን ወገን ይዘው ይቆጣሉ፣ ቀጥለው ምን እንደበላች ይጠይቃሉ። ሠራተኛዋ ልዩነቱን አትሸሽገውም፤ ያው አይደለም ትላለች። ግን ከመጀመሪያው ማስረዳት አያስፈልጋትም።

አሁን ያለበት ደረጃ

እንቅልፏና ምግቧ ተስተካክሏል፤ የጤና ቀጠሮዋን ጨርሳለች። ከምርት ክፍል የሚመጣ ቅሬታ ከገና በኋላ አልደረሰንም። ሙት ዓመቱ ሲደርስ ለረዳቷ ውክልና ሰጥታ በጊዜ ሄዳለች፤ የሰኔውም ቆጠራ በሰዓቱ ተጠናቅቋል። አሁንም የምታለቅስባቸው ቀናት አሉ፤ በተለይ በክረምት፣ ጉሙ ወርዶ ሰርቪሱ ሲዘገይና መንገዱ ሲረዝም። ይህን እንደ ችግር አንይዘውም።

ያልተስተካከለው ከግዢ ሠራተኛው ጋር ያላት ግንኙነት ነው። የተናገረው ቃል በክፍሉ ኃላፊ በኩል ተነሥቶበት ማለቱን አምኗል፤ ይቅርታ ግን አልጠየቃትም። እሱም ከላይ “ምርት ቆመ” እየተባለ የሚጨነቅ ሰው መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም የሰውን ሙት በጭቅጭቅ ማንሣት በሥራ ጫና የሚሸፈን ነገር አይደለም። ዛሬ የሚነጋገሩት በወረቀት ነው። እሷም ይበቃኛል ብላለች።

ለሌላ መሥሪያ ቤት የሚጠቅም

ቀኖቹ ይታወቃሉ። በእኛ አካባቢ ለኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተሰብ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁና ሙት ዓመቱ ከዕረፍቱ ዕለት ተነሥቶ ይቆጠራል። ሠራተኛው ከለቅሶ ሲመለስ ከቆጠራ፣ ከሒሳብ መዝጊያና ከፈረቃ ጋር ማገጣጠም የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ሙስሊም ወይም ፕሮቴስታንት ለሆነ ሠራተኛ ልማዱ ስለሚለይ መጠየቅ ይሻላል። 3ቱ የሐዘን ቀናት ለሩቅ አገር ሰው አይበቁም፤ አዋጁ ለከባድ አጋጣሚ የሚፈቅደውን እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድና ከዓመት ፈቃድ የሚቀነሰውን ጥቂት ቀን አስተባብሮ መስጠት ይቻላል። ብዙ ሠራተኛ ይህ መብት እንዳለው አያውቅም፤ መንገር የእኛ ሥራ ነው።

ያዘነ ሠራተኛ ሲጋጭ፣ ከማዛወር በፊት በዚያ ቦታ ሌላ ሰው ቢቆም ይጋጭ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። በእኛ ዘንድ መልሱ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። የቀድሞ ቅሬታዎችን አገላብጦ ማየትም ያንኑ ይነግር ነበር፤ ሰነድ ስለሌለው ዕቃ የተጻፉ ማስታወሻዎች አባቷ በሕይወት ሳሉ ጀምሮ ፋይሉ ውስጥ ነበሩ።

የሚያዳምጥ ሰው ሲመደብ አንድ ሰው ለብዙ ጊዜ ቢሆን፣ ብዙ ሰው አንድ ጊዜ ከሚሆን ይሻላል። ያ ሰው የሟቹን ቦታ ለመያዝ እንዳይሞክርም መንገር ያስፈልጋል።

አሁን ወላጅ ወይም የትዳር ጓደኛ የሞተበት ሠራተኛ ከለቅሶ ተመልሶ ሲመጣ አንድ ጥያቄ እንጨምራለን፦ “ሥራ ያናደደህ ቀን ማታ ለማን ነበር የምታወራው?” መልሱ ሟቹ ከሆነ ክትትላችን ከአርባው በኋላም እንዲቀጥል በማስታወሻ ይያዛል። በቅርቡ እናቱ የሞቱበት አንድ የጥገና ሠራተኛ ተመሳሳይ ጥያቄ ቀርቦለት ስለ ሥራ ለማንም አውርቶ እንደማያውቅ ነገረን። እሱ የጠየቀው አዳማጭ ሳይሆን የፈረቃ ለውጥ ነው፤ እናቱ ያሳድጓቸው የነበሩትን የእህቱን ልጆች ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሳቸው አጥተዋል። ከሰዓት በኋላ ፈረቃ ተሰጥቶታል።